የሞተው ለምን ይነሣል? ስለ አድዋ የውጊያ ትዕይንት ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

የካቲት በመጣ ቁጥር የአድዋን ጦርነት ሜዳ ላይ በትዕይንት የሚደግሙ ሰዎችን የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ስድስት ሰዎች ልከውልኛል፤ ከስድስቱ አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድሜ ሲሆን፣ «እስቲ ለዚህ ምን ትላለህ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሮበታል። የጠየቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ወረርሽኙ ካስተጓጎለው አንድ ዓመት በቀር ላለፉት ሰባት ዓመታት ከጓደኞቼና ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር፣ ሱሉልታ አካባቢ ባለ ሜዳ ላይ በእንጨት ጠመንጃ በሚካሄድ ትዕይንት ስሳተፍ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ቆሞ እንደሚፈርድ ሰው ሳይሆን ክሱ እንደሚመለከተው ሰው መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈና የታሰበበት ነው፤ ስድብ የለበትም፣ ዘር አይቆጥርም፣ ይህ በራሱ በዚህ ዘመን የሚመሰገን ነው። አምስት ነገሮችን ይላል። አንደኛ፣ የሰው ሞት መጫወቻ ሊሆን አይገባውም፤ «ሟቹ» ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ትዕይንት እውነተኞቹን ሟቾች መናቅ ነው። ሁለተኛ፣ ገና ከጦርነት ቁስሏ ባልተፈወሰች አገር የጦርነት ስሜት መቀስቀስ አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ ትዕይንቱ ታሪኩን ያዛባል፤ ሁሉም የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ መድፍ ላይ ሲዘምት ይታያል፣ ሴቶቹና አስካሪዎቹ፣ ማለትም በኢጣሊያ ወገን የተሰለፉት የአገሩ ልጆች ግን የሉም። አራተኛ፣ ልማዱ ከፈረንጅ የተቀዳ እንጂ የእኛ አይደለም። አምስተኛ፣ ታሪክ የሚማረው ሰው ከመጽሐፍ ይማራል፤ ለአልባሳትና ለድምፅ ማጉያ የሚወጣው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍት ቢውል ይሻላል። ሐሳባቸውን በራሴ ቃል ሳሳጥረው ያጎደልኩት ነገር እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአራተኛው ልጀምር፤ አጭር ስለሆነ ቶሎ ልገላገለው። ካርታ ዘርግቶ፣ ክፍለ ጦር መድቦ፣ ሰዓት ቆጥሮ አንድን የታወቀ ውጊያ መድገም በአውሮፓና በአሜሪካ የዳበረ ልማድ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዋተርሎ ውጊያ 200ኛ ዓመት ቤልጅየም ውስጥ ሲታሰብ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የዘመኑን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ 300 ያህል ፈረሶችና 100 ያህል መድፎች ይዘው ተሰልፈው ነበር፤ እኛም አሰላለፋችንን የዚያን ቪዲዮ እያየን እንዳቃናን አልክድም። የተቀዳው ግን ዘዴው እንጂ ነገሩ አይደለም። ጉግስ ምንድን ነው? በሁለት ወገን የተከፈሉ ፈረሰኞች፣ አንዱ እየሸሸ ሌላው እያሳደደ፣ አሳዳጁ ዘንግ ሲወረውር ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው የሚመክትበት፣ የፈረሰኛ ውጊያ መለማመጃ ሆኖ የኖረ የራሳችን ጨዋታ ነው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ፈረሶች በአድዋና በአምስቱ የወረራ ዓመታት የዋሉትን ውለታ ለማሰብ ነው፤ የሚያስበውም ንግግር በማድረግ ሳይሆን ፈረስ በመጋለብ ነው። ደመራስ? ንግሥት እሌኒ በዕጣን ጢስ እየተመራች መስቀሉን የፈለገችበትን ታሪክ በየዓመቱ ችቦ ለኩሰን እናደርገዋለን እንጂ ተርከነው ብቻ አናልፍም። ያለፈን ነገር በአካል እየደገሙ ማሰብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነው የሚል ሰው፣ መስከረም 16 ቀን የት እንደሚውል ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያው ነጥብ ጸሐፊው የነኩት ቁስል እኔንም ያመኛል። ካቻምና አንድ ወጣት «ከሬሳዎቹ» መካከል ቁጢጥ ብሎ፣ ጣቶቹን በድል ምልክት ዘርግቶ ራሱን በስልክ ሲቀርጽ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ጸሐፊው አጠገቤ ቢቆሙ ኖሮ የምመልስላቸው ቃል አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስልኮች ሁሉ ጠዋት በጆንያ ተሰብስበው ማታ ይመለሳሉ። ይህን ካመንኩ በኋላ ግን፣ ሞትን በትዕይንት ማሳየት በባሕሪው ንቀት ነው የሚለውን አልቀበልም። በደጋው አገር የስመ ጥር ጦረኛ ለቅሶ ሲሆን ፈረሱ ኮርቻውን እንደተጫነ እየተሳበ ይመጣ፣ ጋሻውና ጠመንጃው ለለቀስተኛው ይታይ፣ አልቃሿ ጀግንነቱን በሙሾ ትዘረዝር፣ ወዳጆቹም መሐል ሜዳ ወጥተው ይፎክሩ ነበር። ሟቹ የዋለበትን ውጊያ በለቅሶው ላይ መልሶ ማሳየት የክብሩ አካል ነበር። አባቶቻችን ሐዘንና ትዕይንት አብረው የማይሄዱ ነገሮች መሆናቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በእኛ ዘንድ የሚሞተው ሰው በዕጣ ይለያል። ወረቀቶች ተጠቅልለው አንድ አሮጌ ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፤ በሁለተኛው ዓመት የደረሰኝ ወረቀት «ሞት፤ ጠዋት፣ ከሁለተኛው ተኩስ በኋላ» ይል ነበር። እንደተባለው ወደቅሁ። የወደቅሁበት ሣር ደርቆ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ጉንዳን አንገቴ ላይ ወጣ፣ ማባረር ግን አልችልም፣ ሞቻለሁና። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ውጊያው ጥሎኝ መሄዱ ነው። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች አንዳቸውም ዞር ብለው ሳያዩኝ እየጮኹ ወደፊት አለፉ፣ ድምፃቸው እየራቀ ሄደ፣ እኔም አርባ ደቂቃ ያህል የሰማይ ደመና ስቆጥር ቆየሁ። ይህን መዝናኛ የሚለው ሰው አንድ ጊዜ ይሞክረው።

በዚያው ዓመት ለማልቀስ የመጡልን እናት የአንድ ጓደኛችን ወላጅ ናቸው፤ በእውነተኛ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርዱ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት። ሜዳው ላይ ቆመው አዩንና ዝም አሉ። ምን ሆኑ ስንላቸው «ልጆቼ፣ ስም የሌለው ሰው እንዴት ይለቀሳል? የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ ንገሩኝ» አሉ። የምንነግራቸው ስም አልነበረንም። ከአድዋ ሙታን እኛ በስም የምናውቃቸው እንደ ፊታውራሪ ገበየሁ ያሉትን አለቆች ነው፤ የቀሩት ሺዎች ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች ጠይቆ በዚያ ዘመን የኖረ የአንድ ቅድመ አያት ስም ይዞ እንዲመጣ ደንብ አወጣን፤ ሲወድቅም በዚያ ስም ይለቀስለታል። ዘምተው የሞቱ ይሁኑ ወይም ዕድሜ ጠግበው በቤታቸው የሞቱ፣ ስማቸው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያልተጠራ ሰዎች በየዓመቱ በአደባባይ ይጠራሉ። ጸሐፊው የጠየቁት አክብሮት ይህን የማይጨምር ከሆነ፣ ምን እንደሆነ ቢያብራሩልን ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብመልስበት አንባቢ አይሰልቸው። በጎፈሩ ጉዳይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የአንበሳ ጎፈር የባለ ማዕረግና አንበሳ የገደለ ሰው ምልክት ነበር፤ አብዛኛው ዘማች በሸማው፣ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ ነው። ዛሬ ግን ከመርካቶ በተገዛ ሰው ሠራሽ ጸጉር ማንም ደጃዝማች ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዓመታችን ሜዳው ላይ ከወታደር ይልቅ መኳንንት በዝቶ ትእዛዝ የሚቀበል ጠፍቶ ነበር።

የጦርና የጋሻው ነገር ደግሞ ከልብስ ያለፈ ስሕተት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት ጠመንጃ ሲያከማቹ ኖረዋል፤ በጅቡቲና በሐረር በኩል ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ከገባው ሌላ፣ ከውጫሌ ውል ጋር በተያያዘ ከራሷ ከኢጣሊያ የመጣም ነበረበት። ወጨፎና ውጅግራ የተባሉት የዘመኑ ጠመንጃዎች በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፣ መድፍም ነበረ፤ የባልቻ አባ ነፍሶ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው በመድፈኛነቱ ነው። ድሉን «በጦርና በጋሻ» የተገኘ አድርጎ ማሳየት የሚያኮራ ይመስላል እንጂ የዓመታት ዝግጅትን፣ ግዢን፣ የዲፕሎማሲ ብልጠትን ከአባቶቻችን ላይ መቀማት ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚህ ተነሥተው በሚደርሱበት መደምደሚያ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ስሕተት ሲገኝበት ይታረማል እንጂ መጽሐፍ ማሳተም ይቅር አይባልም። ይህ የጦርና የጋሻ ሥዕልም ከትዕይንት የመጣ አይደለም፤ ከፖስተር፣ ከቲሸርት፣ ከበዓል ንግግር የመጣ ነው፣ ትዕይንቱም ከእነዚህ ወረሰው። ስሕተቱ የታረመው ግን ትዕይንቱ ላይ ነው። አንድ የጡረታ ታሪክ መምህር በሦስተኛው ዓመት ልምምዳችንን ሊያዩ መጥተው ጦር የያዘውን ጓደኛዬን አስጠሩትና «አንተ ልጅ፣ ይህን ይዘህ እዚያ መድፍ ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ ይቀርሃል?» ብለው ጠየቁት። ቆጠረ፤ አራት መቶ ገደማ ነበር። «በል እንግዲህ ሩጥ፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ የተኳሹም ጥይት ይቆጠር» አሉት። ሮጦ ሲጨርስ አሥር ጊዜ ሞቶ እንደነበር ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ያን ቀን ሁላችንም ለምን ጠመንጃ እንዳስፈለገ ገባን፤ ፖስተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሴቶቹ የሉም ለሚለውም እንዲሁ። በብዙ ትዕይንቶች ላይ እቴጌ ጣይቱ ብቻቸውን በበቅሎ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፣ ሌላ ሴት የለችም፤ ነቀፌታው ተገቢ ነው። እቴጌይቱ በመቀሌ ምሽግ ላይ ውሃው እንዲያዝ ያደረጉ፣ ጦር ይዘው የዘመቱ ሴት ናቸው፤ ከእሳቸው ኋላ ግን እንስራ ተሸክመው በተኩስ መሐል ውሃ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያነሡ፣ በሶና ቆሎ ያዘጋጁ ሴቶች በሺዎች ነበሩ። እኛ ይህን ያወቅነው በኃፍረት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስንቅና ውሃ የሚያቀርብ ሰው ሳንመድብ ቀረን፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሰው በፀሐይ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ እነሱም በዕጣው ሟች አልነበሩም። የምኒልክ ሠራዊት ከውጊያው በፊት በነበሩት ቀናት ስንቅ እያለቀበት ሰፈሩን ለቆ ለመሄድ ተቃርቦ እንደነበር፣ የኢጣሊያው ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪም በስንቅ ማነስ ማፈግፈግን ሲያስብ እንደነበር አንብቤ አውቅ ነበር። ያነበብኩት ነገር ሆዴ ውስጥ የገባው ግን በዚያን ዕለት ነው።

አሁን ወደ አስካሪዎቹ ልምጣ። ከባራቲዬሪ 17 ሺህ ያህል ወታደር ውስጥ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉት በአብዛኛው ከኤርትራ የተመለመሉ የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ ቀድሞ ውጊያ የገጠመው የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ የቆመው በእነሱ ነው። ከድሉ በኋላ ከተማረኩት ወደ 800 የሚጠጉት በከሃዲነት ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ኢጣሊያውያኑ ምርኮኞች ግን የሰላም ውሉ እስኪፈረም ተጠብቀው በኋላ አገራቸው ገቡ። ይህ የአድዋ ታሪክ አካል ነው፣ በበዓል ቀንም ማንም ሊናገረው አይወድም። ጸሐፊው ትዕይንቶች ይህን ይሸሻሉ ሲሉ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ይህን የማይሸሽ የበዓል ንግግር፣ የማይሸሽ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቢጠቁሙን ኖሮ ክሱ በትዕይንቱ ላይ ብቻ ለምን እንደወደቀ ይገባን ነበር።

በአራተኛው ዓመት ዕጣው አስካሪ አደረገኝ። ቀይ ታርቡሽ ደፍቼ በኢጣሊያ ወገን ተሰለፍኩ። ከተመልካቹ መሐል «ባንዳ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ትዕይንት መሆኑን እያወቅሁም ፊቴ ጋለ። ከጎኔ የነበረው ልጅ የእናቱ ወገኖች ከአስመራ ናቸው፤ እሱ ዝም ብሎ ወደፊት ያይ ነበር። ተማርከን ስንቀመጥ ቅጣቱን እናሳይ አናሳይ በሚለው ላይ ከዚያ በፊት ለሦስት ሳምንት ተከራክረን፣ በመጨረሻ ላለማሳየት ግን ለመናገር ተስማምተን ነበር፤ ያ የታሪክ መምህር ወደ መሐል ወጥተው፣ ድምፅ ማጉያ ሳይዙ፣ የሆነውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሜዳው ጸጥ አለ። ቅድም ከጮኹት ሰዎች አጠገብ ቆመው የነበሩ አንዲት አሮጊት በላስቲክ ጆግ ውሃ ይዘው መጡና ለእኔና ለዚያ ልጅ ሰጡን፤ ጠጥተን ስንጨርስ «የማን ልጆች ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው፣ ታርቡሹን ገና አላወለቅሁም ነበር።

ሁለተኛውን ነጥብ፣ ማለትም የጦርነት ስሜት ይቀሰቅሳል የሚለውን፣ ከሦስተኛው ጎን ለጎን ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ጸሐፊው በአንድ በኩል ትዕይንቱ ከእውነተኛ ውጊያ ጋር የማይገናኝ የሐሰት ሥዕል ነው ይላሉ፤ በሌላ በኩል ሰውን ለእውነተኛ ውጊያ የሚያነሣሣ ኃይል አለው ይላሉ። ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም የሚያነሣሣው ሐሰቱ ነው ማለት ነው። ሞት የሌለበት፣ ጥማት የሌለበት፣ ጠላት ፊት የሌለው ጥላ የሆነበት ትዕይንት በእርግጥ ደም ያፈላል። ይህ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ትዕይንቱን በእውነት መሙላት እንጂ መተው አይሆንም፣ የጸሐፊው የራሳቸው ክርክር ወደዚያ ይመራል።

በእኛ ደንብ ማንም ሰው ሁለት ዓመት በተከታታይ ከአሸናፊው ወገን አይሰለፍም። ዘንድሮ በገበየሁ ሥር የሮጠ በሚቀጥለው ዓመት የኢጣሊያዊው ጄኔራል የዳቦርሚዳ ወታደር ሆኖ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ይከበባል። ያለ ምንም ተቃራኒ ወገን መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ለሁለት ሰዓት ሲፎክር የሚውለውን ሰው፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ተሸናፊ ከሚሆነው ሰው ጋር አወዳድሩት፤ ለጎረቤቱ የሚያስፈራው የትኛው ነው? ከውጭም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አካል የሆነው የጌቲስበርግ ውጊያ 50ኛ ዓመት ሲከበር ከ50 ሺህ በላይ የሁለቱ ወገን የቀድሞ ወታደሮች በዚያው ሜዳ ሰፍረው ነበር፤ የደቡቡ ጄኔራል የፒኬት ሰዎች ያኔ በጥይት የታጨዱበትን መንገድ በከዘራ እየተደገፉ ደግመው ሄደው፣ የድንጋዩን አጥር ሲደርሱ ከአጥሩ ወዲያ ከነበሩት የቀድሞ ጠላቶቻቸው ጋር ተጨባበጡ። ያ ዕርቅ የጥቁሮቹን ጉዳይ ወደ ጎን የተወ ነው ተብሎ መወቀሱን አውቃለሁ፣ ወቀሳውም ትክክል ነው፤ የያዝነው ጥያቄ ግን ውጊያን መድገም የግድ ውጊያን ይወልዳል ወይ የሚል ነው፣ መልሱም አይወልድም ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የምቀበለውም አለ፣ ቀላልም አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ካበቃ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው የካቲት፣ ከግንባር የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሊሳተፍ መጣ። ለመድፍ ድምፅ ርችት እንጠቀም ነበር። የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ልጁ ከሰልፉ ወጣ፣ አልሮጠም፣ አልጮኸም፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ሄዶ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ቁጭ አለና ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አስገባ። አጠገቡ ስቀመጥ «ምንም አልሆንኩም፣ ቀጥሉ» አለኝ፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ ርችት የለም፤ መድፉ በነጋሪት ይመታል። በዚያን ወቅት አድዋ ከተማ ራሷ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፣ እኛ ደግሞ መቶ ሃያ ሰባት ዓመት ያለፈውን ስንደግም ትናንት የሆነውን ረስተን ነበር። እውነተኛ መሣሪያ ይዞ ወደ በዓል መምጣትና ወደ ሰማይ መተኮስም መቆም እንዳለበት ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እኛ ዘንድ ካራ የያዘ ሰው እንኳ አይገባም።

ለአምስተኛው ነጥብ ብዙ አልደክምም። ቤተ መጻሕፍት ይጥፋ ያለ የለም፤ የእኛ የዓመት ወጪ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አይሞላም፣ አብዛኛውም ለዳቦና ለውሃ ይወጣል። በትልልቅ መድረኮች ላይ ለድምፅ ማጉያና ለባለ አርማ ቲሸርት የሚፈሰው ገንዘብ ያሳዝናል ካሉ እኔም ያሳዝነኛል። ነገር ግን መጽሐፍ የማይሰጠው ነገር መኖሩን በአንድ ሌሊት ላሳይ። የካቲት 22 ማታ ከሳውርያ የተነሣው የኢጣሊያ ጦር በሦስት መንገድ ተከፍሎ በጨለማ ሲጓዝ፣ የአልቤርቶኔ ብርጌድ የሌላውን ጄኔራል የአሪሞንዲን መንገድ አቋርጦ ስለገባ አሪሞንዲ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ ለመጠበቅ ተገደደ፤ አልቤርቶኔም በካርታው ላይ የተጻፈውን የእንዳ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታን ስም ተከትሎ ከታሰበለት ቦታ በብዙ ኪሎ ሜትር አልፎ ብቻውን ቀረ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ «እንዴት ጄኔራል መንገድ ይሳሳታል?» እል ነበር።

አምና ያንን ጉዞ ለመሞከር ስልሳ ሰው ሆነን በሦስት ተከፍለን ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሌሊት ተነሣን። መብራት ክልክል ነው፣ መነጋገር ክልክል ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፊቴ ያለውን ሰው የማየው በነጠላው ንጣት ብቻ ነበር፤ ነጠላው ቆመ፣ እኔም ቆምኩ፣ ከኋላዬ ያለው መጥቶ ተጋጨኝ። ጅብ ጮኸ፤ ከስልሳችን ሃያው ያለ ትእዛዝ ወደ አንድ ወገን ተጠጋ። በመጨረሻ ቀድመውናል ያልናቸው የሁለተኛው ቡድን ሰዎች ከጎናችን በኩል ወጥተው ሰልፋችን መሐል ገቡና፣ ማን የማን እንደሆነ ሳይለይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን በሹክሹክታ ተሰዳደብን። መሪያችን አካባቢውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያደረሰን ግን ከተባለው ሜዳ አንድ ኮረብታ አልፎ ነበር፣ ሲነጋም ብቻችንን ነበርን። ከመካከላችን የአልቤርቶኔን ስም ጠርቶ መጀመሪያ የሳቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚያ ጉዞ የተጻፈ መጽሐፍ ካለኝ እንዳውሰው ቤቴ ድረስ መጣ። ጸሐፊው ትዕይንትና መጽሐፍ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሻማል ብለዋል፤ መጽሐፌ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ለጸሐፊው የጦሩንና የጋሻውን ነቀፌታ በከንቱ እንዳልጻፉት ልነግራቸው እወዳለሁ። ጽሑፋቸውን በስብሰባችን ላይ ከዳር እስከ ዳር አንብበነው፣ ዘንድሮ ከሦስት ሰው አንዱ ብቻ ጦር እንዲይዝ ተስማምተናል፤ የሰፈራችን አናጺም በወጨፎ ቁመት የተጠረቡ አርባ የእንጨት ጠመንጃዎችን ባለፈው ቅዳሜ አስረክቦናል፣ የአሥራ ሁለቱ ማንገቻ ብቻ ይቀራል።